ከአንድ ጣባ

ወልቂጤ፣ የካቲት 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ታምሩ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ደብዳቤዬን በሰላምታ ያልጀመርኩት ሰላምታ ስለማላውቅ አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ መነገር ስላለበት ነው። ልጄን ሕይወትን ከቤቴ የወሰድካት አንተ ነህ። ያውም የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በመስቀል ሳምንት፣ አገሬው ሁሉ ከያለበት ገብቶ ክትፎ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሰው ቆሞ ተራ በሚጠብቅበት ሰሞን። ሥጋው ተከትፎ፣ ቂቤው ተነጥሮ፣ የምታቀርበው ልጅ ጠፋች። እሷ በመኪና ወደ ቡታጅራ ስትነጉድ እኔ እንግዳ ፊት ቆሜ «ራሷን አሟት ተኝታለች» እል ነበር።

ሌላም አለ። ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ከቀበሌ የሚመጣውን፣ ከዘመድ የሚመጣውን፣ ሁሉንም። እሷ ስትሄድ ዓይን የሌለው ቤት ቀረሁ። ስለዚህ በስተርጅና፣ ጸሎት ቤታችን በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ደብዳቤህን ማንም ሳያነብልኝ ራሴ ጨርሼዋለሁ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ ማለት ነው። ውለታ አድርገህ እንዳትይዘው።

ለልደቷ ከቤት ውጭ አብልቼ ላስደስታት አልክ። በእኛ ጊዜ ሰው የሚወለደው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ቀኑንም ቢሆን የሰጣት ትምህርት ቤት ያስገባት መምህር ነው። «መቼ ተወለደች?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ክረምቱ ሊገባ ሲል» አልኩት፤ እሱ ግንቦት 25 ብሎ ጻፈ። ይሁን። ቀን ከተሰጣት ትብላበት።

ምን ትወዳለች ላልከው፣ መብላት ትወዳለች። ይህን እስካሁን ካላወቅክ ምን ስታደርግ ከረምክ? ገና በእግሯ ሳትጸና ድስት የሚከደንበትን ድምፅ ሰምታ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ቂቤ አሽትታ ከቆላ ይሁን ከደጋ የመጣ ትለያለች። ክትፎ ለብ ለብ ሲሆን ነው የምትወደው፤ ጥሬውንም ትበላለች፣ የበሰለውን ግን ታዝንበታለች። ጎመንና አይቡ ከጎን ካልመጣ የቀረ ዘመድ ያለ ይመስል ዙሪያዋን ትቃኛለች።

እንግዲህ ቤት ይምረጡልኝ ካልክ፣ ጠረጴዛው ጨርቅ የለበሰበት፣ የምግብ ዝርዝሩ ከማድ ቤቱ የሚበልጥበት ሆቴል አትውሰዳት። ጌጥ አትበላም። ቡታጅራ ውስጥ ሰብለ የምትባል ሴት ክትፎ ቤት አላት። እኔ ጋ ሠርታ፣ ከእኔ ተምራ የወጣች ናት። ቤቷ ትንሽ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ከጓሮ በኩል ኮባ የከበባት አንዲት ጠረጴዛ አለች። ሁለት ሰው ሌላውን ሳያይ የሚቀመጥባት ናት። እዚያ ውሰዳት።

ጻፍኩልህ ብለህ ለሕይወት እንዳትነግራት። «እናቴ» እያልክም አትጻፍልኝ። እናት አለችህ። የሕይወትን ጤንነት አልጠየቅኩህም፤ ከጻፍከው ግን አነበዋለሁ።

ብርቄ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ብርቄ፣

«እናቴ» አትበለኝ ስላሉኝ «እትዬ» ብያለሁ። ይህንንም ካልወደዱት ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሁዳዴው ስለ ገባ ሥራ እንደ ቀዘቀዘብዎ በመሐላችን የሚመላለሰው ነጋዴው ሙባሪክ ነግሮኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእንጨት ሥራው ይሄዳል፤ በዚህ ወር በርና መስኮት በዝቶልኛል።

በሙባሪክ በኩል በቃል የላኩብኝን ጥያቄ ልመልስ። አዎን፣ ሕይወት ጥቂት ከስታለች። ሥራው ይመስለኛል። ሕፃናት ታስተምራለች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ሕመም ግን የለባትም።

ምን ስታደርግ ከረምክ ብለው ተቆጥተዋል። እውነትዎን ነው፤ ግን መብላት እንደምትወድ ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም የጻፍኩት። እኔ ከእሷ በፊት የምበላውን የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ምግብ ማለት ለእኔ ሥራው እንዳያቋርጥ የሚደረግ ነገር ነበር። በተጋባን ሰሞን አንድ ቀን ተራ ድንች ቀቅላ፣ ሚጥሚጣና ቂቤ ነክታ አቀረበችልኝና ዓይኔን ጨፍኜ እንድበላ አዘዘችኝ። ጨፈንኩ። «ምን ቀመስክ?» አለችኝ። «ድንች» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ እንደ ገና ጨፍን አለችኝ። በሦስተኛው ጉርሻ ቂቤው ውስጥ ያለውን ኮሰረት አገኘሁት። ያን ቀን አንድ ነገር የተከፈተልኝ ይመስለኛል። ለዚህ ነው በቀኗ እኔም በተራዬ አንድ ነገር ላስቀምሳት የፈለግኩት። ትልቅ ቤት አልፈልግም። ተቀምጣ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ እስክትጠግብ የምትበላበትን እንጂ።

የሰብለን ቤት ስለ ጠቆሙኝ አመሰግናለሁ። ለእኛ ግን አይመችም። ትንሽ ይርቃል፤ ጭስም አለው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት አዲስ የተከፈተውን ሆቴል አይቼ ነበር። ፎቅ ላይ ነው። የወረቀት አበባ አለው፣ ኬክም ያዘጋጃሉ። ምን ይመክሩኛል?

አክባሪዎ ታምሩ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 26 ቀን 1994 ዓ.ም.

ታምሩ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ኋለኛው አጭር ነው፣ ግን ከፊተኛው የበለጠ ደክሜበታለሁ።

መጀመሪያ ሰብለን እንጨርስ። ይርቃል አልክ። ሙባሪክ ደግሞ አንተ ሱቅ በር ላይ ቆመህ ብትጣራ ሰብለ ማድ ቤት ሆና ትሰማለች ይላል። ጭስ አለው አልክ። የሰብለን የጭስ መውጫ ያሠራሁላት እኔ ነኝ። ውሸትህ ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ አይደለም፤ ቶሎ ይታወቃል። ገንዘብ ሰስተህ ከሆነ ተናገር፤ ሰው ለሚስቱ ሲሰስት እንደ መስማት የሚያስጠላኝ የለም።

ሆቴሉን ተወው። በወረቀት አበባ የሚያጌጥ ቤት በወረቀት ያበላሃል። ምን ይመክሩኛል ላልከው ግን እመልስልሃለሁ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ስለሆነ ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አልችልም። ስትገባ ጠረጴዛውን አትመልከት፣ የሚያበላውን ሰው ተመልከት። ማድ ቤት ያለችው ሴት ራሷ ከምትሠራው ትቀምሳለች ወይ? እየቀመሰች ከሆነ ተቀመጥ። ከዚያ ባለቤቷ እንግዳ ሲገባ የት ታየዋለች? ኪሱን ካየች ውጣ፣ ፊቱን ካየች ቆይ። ለልደት ደግሞ አንድ ነገር ጨምር፤ አስተናጋጁ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ሰሃን የሚያነሣበት ቤት ለፍቅረኞች አይሆንም። የተበላበት የሸክላ ጣባ ባዶውን ቁጭ ብሎ የሚያወያይበት ቤት ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የኋለኛውን ደብዳቤህን አሁን ልመልስ። «ሽማግሌዎቼን ለምን መለሷቸው?» ብለሃል። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ በወረቀት ላይ ማየት ከፈለግክ ግን ይኸው።

የባልቻ የልጅ ልጅ ስለሆንክ ነው። ከአረቅጥ ወዲያ ባለው አገራችን የአባቴን ቤት ምሶሶ ያቆመው አያትህ ባልቻ ነው። እንደ እሱ እንጨት የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህን ማንም አይክደውም። ቤቱ አልቆ ድግስ ሲደረግ ግን ባልቻ ደጅ ተቀምጦ ነው የበላው፣ በእንሰት ቅጠል ላይ። ሲጨርስ ቅጠሉ ተጣለ። ከእንጨት ሠሪ ወገን ጋር ከአንድ ዕቃ አይበላም። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ከእናቷ፣ እኔም ከእናቴ ተቀበልኩት። ወንጌል ከመጣ ወዲህ በጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ አንድ መዝሙር እንዘምራለን። ማዕድ ግን ሌላ ነው። ማዕድ ሆድ ውስጥ ይገባል።

እውነቱን ጠየቅከኝ፤ እውነቱን ጻፍኩ።

የሰብለን ነገር ግን አልተውኩትም። ለምን እንደማይመች ጻፍልኝ።

ብርቄ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ብርቄ፣

እንደምን ሰነበቱ? መልስ በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸቴ ቶሎ እንደሚታወቅ ነግረውኛል።

በደብዳቤዎ አንድ ቃል ሳይጽፉ ቀርተዋል፤ ሰዎች ወገኔን የሚጠሩበትን ቃል። ስላልጻፉት አመሰግናለሁ። የቀረውን ግን አነበብኩት፤ ሕይወት ሳታየው በመጋዙ ዱቄት ከረጢት ሥር ሸሸግኩት።

ከሰብለ ቤት የምንቀረው በገንዘብ አይደለም። ባለፈው መስቀል ሕይወት የክትፎ አምሮት ይዟት፣ እኔም ሥራ ተከፍሎኝ፣ ወደዚያው ሄድን። የሰብለን ዱካዎችና ጠረጴዛዎች የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንግዳ ነገር አይሆንብኝም ብዬ ነበር። እርስዎ ባሉት ኮባ ሥር ተቀመጥን። ሕይወት ለሁለታችን በአንድ ጣባ እንዲመጣ አዘዘች። አስተናጋጇ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ለሕይወት በጣባ፣ ለእኔ በብረት ሰሃን አመጣች። ሕይወት አንድ ላይ ነው ያልኩሽ አለቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ «እሳቸው ናቸው ያሉኝ» አለች፣ ወደ ማድ ቤቱ እያየች።

ሕይወት ክትፎዋን ከጣባው ወደ ብረት ሰሃኔ ገለበጠችና ከእኔ ጋር ከሰሃኑ በላች። እስከ መጨረሻው በላች። ስንወጣ ሰሃኑ ለብቻው ደጅ፣ ከውሻው ውኃ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። እሷም አይታዋለች።

እኔ ለምጄዋለሁ፣ እትዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ውጭ አትበላም። ሰው ቤት ተጠርተን ስንሄድ «አልራበኝም» ትላለች። የጎረቤት ድግስም ቢሆን «በልቼ መጣሁ» ትላለች። እኔ የማልበላበት ቦታ እሷም ላለመብላት መሆኑ ይገባኛል። ግን እየከሳች ነው፤ ሥራው ነው ያልኩዎት ይህን ነበር።

ስለዚህ ወደ ቡኢ ከተማ ልወስዳት አስቤአለሁ። ከመንገዱ ዳር ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት አለ። ጥሩ ይሠራሉ ይባላል። ማንም አያውቀኝም። በመኪና ሄደን፣ በልተን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን።

እባክዎን ለሰብለ ምንም እንዳይጽፉላት።

አክባሪዎ ታምሩ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ታምሩ፣

ቡኢ አትሄዱም።

«አልራበኝም ትላለች» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉን የሳትኩ መስሎኝ ነበር። የቀለም አስተማሪያችንን ጠርቼ ሌላውን በጣቴ ከልዬ ያችን አንድ ቃል ብቻ አሳየሁት፤ ልክ ነሽ አለኝ። ሕይወት ኩፍኝ ይዟት ፊቷ አብጦ እንኳ አልራበኝም ያላለች ልጅ ናት። የአባቷ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ፣ ቀሚሴን ጎትታ ንፍሮው ጨው እንደሌለው የነገረችኝ ናት። ያቺ ልጅ ናት አልራበኝም የምትለው?

ሰብለ ያደረገችውን ከየት እንደተማረች አውቃለሁ። ክትፎውንም ያንንም የተማረችው አንድ ማድ ቤት ነው። ይህን የጻፍኩት ይቅርታ ለመለመን አይደለም፤ አንተ ሳትጽፈው የቀረኸውን እኔ እንዳልሸሽ ነው።

አሁን ስማኝ። ልጄ በልደቷ ቀን፣ ቀኑ የመምህርም ይሁን የማንም፣ ሾፌር መስላ መንገድ ዳር ተደብቃ አትበላም። እሷ የሌባ ልጅ አይደለችም። አንተም የሰው ዕቃ አልወሰድክም፤ እሷን ካልሆነ በቀር። ግንቦት 25 እሑድ ነው። ጾም የለም። ሰብለ ቤት ሄደህ ያችን የኮባ ሥር ጠረጴዛ ለሦስት ሰው ያዝ። ለማን ነው ካለችህ ለብርቄ ነው በላት። የቀረውን ለእኔ ተወው። አንድ ጣባ እንዲመጣ እኔ አዛታለሁ፤ ከእኔ ፊት እምቢ ማለት አታውቅም።

ለሕይወት አትንገራት። ብትነግራት አትመጣም፤ በግትርነት በእኔ ነው የወጣችው።

ብርቄ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ብርቄ፣

እንኳን ከጾመኞቹ ደንበኞችዎ ጋር ለፋሲካው አደረሰዎ። ክትፎ ቤቱ እንደ ገና ሰው በሰው ሆኗል ብሎኛል ሙባሪክ፤ ደስ ብሎኛል።

ጠረጴዛውን እስካሁን አልያዝኩም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ስንት ጊዜ ልጽፍ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። እኔ በእንጨት እንጂ በቃል ጎበዝ አይደለሁም፤ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ።

ሰብለን አዛታለሁ ብለዋል። ትታዘዝልዎታለች፤ ይህን አልጠራጠርም። ጣባው አንድ ሆኖ ይመጣል። ግን ትእዛዝ ጣባውን ያመጣዋል እንጂ እጅ አያስገባበትም። እርስዎ ከጎን ተቀምጠው፣ «እናንተ ብሉ፣ እኔ በልቼ መጥቻለሁ» ቢሉ፣ ሕይወት ያን ጊዜ ሁሉንም ታያለች። ከብረት ሰሃኑ የከፋ ይሆንባታል። የሰብለን ችላዋለች። የእርስዎን አትችለውም።

ስለዚህ ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልበልዎ። ሰብለን ለማዘዝ ከሆነ አይምጡ። ከእኔ ጋር ለመብላት ከሆነ ይምጡ። ከሁለት አንዱን እስኪጽፉልኝ ድረስ የቡኢውን ሐሳብ አልተውም።

ባይመጡም አልቀየምም። የአባትዎን ቤት ምሶሶ ማን እንዳቆመ በደብዳቤዎ ስላነሡልኝ ብቻ አከብርዎታለሁ። አያቴ ሲሞት የነገረን ስለዚያ ቤት ነበር፤ ከሠራቸው ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው ይል ነበር። ስለ ቅጠሉ ግን ነግሮን አያውቅም።

አክባሪዎ ታምሩ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.

ታምሩ፣

ድፍረት ነው። ግን ጠረጴዛውን ያዝ።

ተጨማሪ የምጽፈው የለኝም። ገበያ ነው፣ ሰው በዝቶብኛል። ከመጣሁ ሆዴን ባዶ አድርጌ እመጣለሁ። ካልመጣሁ ሙባሪክ ቀድሞ ይነግርሃል፣ ያን ጊዜ ወደ ፈለግክበት ውሰዳት።

የእናቴ ነገር ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቃት ነው።

ብርቄ


ወልቂጤ፣ ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለታምሩ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሕይወትስ እንዴት ሰነበተች? እጅህስ፣ መጋዙ የጨረፈህ ጣትህ ዳነ ወይ? በሥራህም በቤትህም ሰላም ይሁንልህ። እኔ ከሕይወት ልደት ተመልሼ በሰላም ገብቻለሁ። አረቅጥ ላይ ዝናብ ይዞን መኪናው ቆሞ ነበር፤ ሙባሪክ በየደቂቃው ወርዶ ጎማውን እየረገጠ «ኢንሻ አላህ እንደርሳለን» ሲል ሲል ደረስን።

በደብዳቤህ ከጠየቅከኝ አንዱ ሕይወት ምን አለችዎ የሚለው ነው። ካገኘኋት ስንት ዘመን ሆነ፤ ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። አንተ እጅህን ልትታጠብ ስትነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ አይቡ ላይ ኮረሪማ አብዝተውበታል» ነው ያለችኝ። እኔም ቀምሼ ነበር፤ እውነቷን ነው። እሷን ካጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። መሐረቡን ለራሴ ተጠቀምኩበት፤ ሚጥሚጣው ነው አልኳት።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስሰጥህ እጄ ለምን ቆየ የሚል ነው። አየኸው እንግዲህ። አልዋሽህም፣ ቆይቷል። ጠቅልዬ አንሥቼ መንገድ ላይ ቀረብኝ። እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። የሰብለ ቤት እንግዳም በኮባው መሐል አንገቱን አስግጎ ያየን ነበር፤ ሰብለም ከማድ ቤቱ በር ላይ «እትዬ ብርቄ፣ ሰው ያያል» ስትለኝ ሰምተሃል። እኔም ያልኳትን ሰምተሃል።

«እንዲያይ ነው የመጣሁት።»

ይህን ካልኩ በኋላ እንኳ እጄ አልሄደልኝም ነበር። የሄደልኝ ሕይወትን ሳያት ነው። አፏ ተከፍቶ ነበር፣ ታምሩ። ልጅ ሲጎርስ የእናት አፍ አብሮ እንደሚከፈት፣ ለአንተ የሚመጣውን ጉርሻ እሷ አፏን ከፍታ ትጠብቀው ነበር። ያን አፍ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ተከፍቶ ሲጠብቀኝ ዝም ብዬው አላውቅም።

የጎረስከው ደግሞ ትልቅ ነበር፤ ዓይንህ እንባ እስኪያቀርር አኘክኸው። አንተ መልሰህ ስታጎርሰኝ ግን እንደ ዶሮ ጥሬ ቆንጥረህ ነው። ምን ፈርተህ ነው? ለአማት አይሰሰትም።

ቶሎ ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት የገባሁት ተከፍቼ እንደሆነ ጠይቀሃል። አይደለም። ጣባው ገና ከግማሽ በላይ ነበር፣ ሁለታችሁም እኔን እያያችሁ ማኘክ ጀምራችሁ ነበር። የልደት ማዕድ እንዲህ አይደለም። ሁለት ሰው እንዲበላ ሦስተኛው መነሣት ያለበት ጊዜ አለ፤ ይህን ያወቅኩት በትምህርት አይደለም፣ በማስተናገድ ነው። ማድ ቤት ገብቼ ሰብለን ስለ ኮረሪማው ተቆጣኋት። ስለ ሌላው አልተቆጣኋትም። ያን የብረት ሰሃን ከመደርደሪያው አውርጄ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሳፋ አጠብኩት፣ ከሌሎቹም ጋር ደረደርኩት። ሰብለ አጠገቤ ቆማ አየች። ስጨርስ ፎጣ አቀበለችኝ።

በበሩ ቀዳዳ አይቻችኋለሁ። ሰው ሰላይ ነሽ ቢለኝም አይቆጨኝም። ሕይወት ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንተ ምን እንደቀመሰች ትጠይቃታለህ፤ ምን እንዳለችህ አልሰማሁም፣ ግን ሳቀች። ከዚያ የጣባውን ጥግ በቆጮ ጠርጋ በላችው። ድሮም ያን ጥግ ለማንም አትተውም ነበር፤ ለአንተ ግማሹን ስትቆርስልህ አየሁ። አስተናጋጇ ጣባውን ልታነሣ ስትነሣ እጇን ይዤ አስቀረኋት።

በመስቀል ሳምንት ስለ መሄዳችሁ ገና አልታረቅንም። ለሚመጣው መስቀል ሁለታችሁም እዚህ መጥታችሁ ታስተናግዳላችሁ፤ አንተ ጣባ ተሸክመህ፣ እሷ አይቡን ተቆጣጥራ። ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ገበያ ላይ አንዲት ከጸሎት ቤታችን ያለች ሴት ቂቤ ስመርጥ አገኘችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወልቂጤ ገብቷል። ቡታጅራ ላይ ከአንቺ ጋር ከአንድ ጣባ በላ የተባለው ሰው ማን ነው አለችኝ። አማቼ ነው አልኳት። እውነቱን ነው የተናገርኩት። ግን ወደ ቂቤው ዞር ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጌ ነው ያልኩት። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ሄደች። ቂቤውን ገዝቼ ቤቴ ስገባ በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ አይደለም።

አንተ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፍህን ከፍተህ ጠብቀኸኛል። እኔ በገበያ መሐል ስምህን ዋጥኩት። ይህ አይደገምም። ታምሩ አማቼ ነው፣ የባልቻ የልጅ ልጅ፣ የሕይወት ባል። ከእንግዲህ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልመልስም።

ብርቄ